የወገዳዋ ኦፐሬተር

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤት ሽማግሌ ተላከ። የወንዱ ወገኖች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው፣ የልጁን ዘር ማንዘር ከቆጠሩ በኋላ፣ "ልጃችን ሥራም አለው፤ ኦፐሬተር ነው" አሉ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሎ እየቆረጠምሁ ነበር። ያችን ቃል ስሰማ ሳላስበው፣ "የየት ስልክ ቤት?" ብዬ ጮህሁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "የስልክ አይደለም እናቴ፣ የኤክስካቫተር ነው፤ ያ ተራራ የሚንደው ትልቁ መኪና" ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷም ተሰጠች፣ እልልታውም ቀለጠ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖርባት የንፋስ መውጫ ከተማ ንፋስ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል፤ እኔ ግን የምሰማው ሌላ ድምፅ ነበር።

ዛሬ ኦፐሬተር ያልሆነ የለም። ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሶ የሚውለው ሰውዬ ኦፐሬተር ነው። የውኃ ሞተር የሚያስነሳው ኦፐሬተር ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ቅንድቧን የተቀነደበች ልጅ ኦፐሬተር ናት። ደብረ ታቦር ታክመው የመጡ አንዲት ሴትዮ የቀደዳቸውን ሐኪም "ኦፐሬተሩ እጁ ይባረክ" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አልፈረድሁባቸውም፤ እንዲያውም ከሁሉም የሳቸው አነጋገር ደስ አለኝ። በእኔ ጊዜ ግን በስማዳ ከዳር እስከ ዳር ኦፐሬተር ማለት አንድ ሰው ነበር። እሱም እኔ ነበርሁ። ስሜ ዘነበች ነው፤ በስማዳዋ ከተማ ወገዳ ላይ ይህን የሚያውቁት ግን የንስሐ አባቴና የደመወዝ ፊርማ ወረቀቱ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሁሉ "ኦፐሬተሯ" ነኝ። "የኦፐሬተሯ ዶሮ አጥር ዘለለች"፣ "ኦፐሬተሯ አሟታል"፣ "ኦፐሬተሯ ዘንድሮም አላገባችም" ይባል ነበር።

ሥራውን የተማርሁት አዲስ አበባ ነው። ያሠለጠነን ሰውዬ ከረባቱን የማያላላ፣ ጠመኔ በነካ ቁጥር እጁን በመሐረብ የሚጠርግ ጥንቁቅ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን "ኦፐሬተር ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀን። አንዷ "ስልክ አንሺ" አለች፤ አንዷ "ስልክ አዟሪ" አለች። እኔ ዝም አልሁ፤ የጋይንት ልጅ ያላወቀውን አወቅሁ አይልም። እሱም፣ "ቃሉ በፈረንጅ አገር ሰፊ ነው፤ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሁሉ ይባልበታል። እናንተ ግን ሰውን ከሰው ታገናኛላችሁ። የሁለት ሰው ነገር በመካከላችሁ ያልፋል፤ የሰማችሁትን አልሰማችሁም" አለ። ይህችን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኋት፤ ከሥሯም በቀይ አሰመርሁባት። በኋላ ወገዳ ስመደብ አንድ የቅኔ መምህር ስልክ ቤቱ ድረስ መጥተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። እንደ ተማርሁት መለስሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "እንግዲያ መልአክ ማለት አይደል? መልአክ ማለት የተላከውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ ነው" አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ያን ሳምንት መሬት አልረገጥሁም።

ስልክ ቤቷ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ማዶ። ልብስ ሰፊው መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ቀኑን ሙሉ ካሴት ያዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ እንደ ወንድ ትጎረንናለች፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። እኔ ሰማያዊ ሽርጥ፣ አረንጓዴ ሹራብና ነጭ ሸራ ጫማ ነበረኝ፤ ጫማውን በየቅዳሜው በጠመኔ አነጣዋለሁ። ከፊቴ የስልክ ማዞሪያው፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫው፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የጠሪዎች አግዳሚ ወንበር። የአዲስ አበባ ሦስት ደቂቃ ዋጋዋ ከአንድ ደኅና ዶሮ ይበልጥ ስለ ነበር ማንም ዝም ብሎ አይደውልም። ገበሬው መነጋገሪያውን ከመያዙ በፊት ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ሴቶቹ ለስልኩ እጅ ይነሳሉ። ሁሉም ይጮኻል፤ አዲስ አበባ ሩቅ ነዋ! እኔም "ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር፣ ወገዳ ነኝ" እያልሁ የማዞሪያውን እጀታ አሽከረክራለሁ። ከውጭ ለሰው ጥሪ ሲመጣ የጥሪ ወረቀት እጽፍና ዘበኛችን ጋሼ አለነ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መንደሩ ያደርሳሉ፤ ተጠሪውም በተባለው ቀን መጥቶ ይጠብቃል። ዛሬ ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ወገዳ ራሷ አስተማረችኝ። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞትበት የሚደውለው ወገን እናትን ወይም ሚስትን አያስጠራም፤ የቤተሰቡን ሽማግሌ ነው የሚያስጠራው። ሽማግሌው ሰምቶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ንስሐ አባት አስከትሎ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያረዳል። ስለዚህ ከሟቹ ቤት በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በፊት፣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነበርሁ። ጋሼ አለነ ወረቀት ይዘው ወደ አንድ ሽማግሌ ደጅ ሲያቀኑ ያየ ሰው ሁሉ ‘ማን ሞተ?’ ይል ስለ ነበር፣ እሳቸው እንዳይታወቅባቸው መንገዱን በወንዝ በኩል ያዞሩት ነበር። እኔም ከሟች እናት ጋር ገበያ ቆሜ ስለ በርበሬ ዋጋ እጫወታለሁ፤ ልጇ መሞቱን እያወቅሁ። ይህ ሙያ ነበር። ሰውም "ኦፐሬተሯ ሆዷ ሰፊ ነው" እያለ ያመሰግነኝ ነበር።

ጥሩዬን ያገኘኋት ወገዳ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ተስቦ ጣለኝ። ዘመድ የለኝ፣ ወዳጅ የለኝ፤ ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ከደጄ ሲርቅ፣ ቅቤ ልትሸጥ የመጣች የማላውቃት ገበሬ ሴት፣ "ይችን የሰው ልጅ ውሻ ይብላት?" ብላ ባሏን ተቆጥታ፣ በበቅሏቸው ጭና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ወስዳ ቤቷ አስተኛችኝ። ሦስት ሳምንት አጥሚት በእጇ አጠጣችኝ። የሷ ልጅ ደምሌ ያኔ ድክ ድክ የሚል ነበር፤ ወደ አልጋዬ እየተንገዳገደ መጥቶ ጣቴን ይጎትተኛል። በዓመቱ ሴት ልጅ ስትወልድ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ብርቄ ብዬም ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ጥሩዬ "ኦፐሬተሯ" ብላኝ አታውቅም። "አበልጄ" ነበር የምትለኝ፤ በአንች። በየገበያው ቀን ሸቀጧን ሸጣ ስትጨርስ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ ጥሪ ኖሯት አይደለም፤ እግሯን ልታሳርፍና የሰው ጩኸት ልትሰማ ነው። "ያ ሰውዬ ጎረቤቱን ነው በሬውን ነው የሚጠራ?" ብላ ታስቀኛለች። ሥራ ላይ ሆኜ ሳቄን ለመዋጥ ስንት ጊዜ ምላሴን ነክሻለሁ።

ባሏ ሞተ፤ ልጆቹ አደጉ። ደምሌ ትከሻው የሰፋ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚስቅ ጎረምሳ ወጣው። ለብርቄ ባል በመጣላት ዓመት፣ "እኅቴን እንዲህ በባዶ እጄ አልድራትም" ብሎ ከአክስቱ ልጅ ከሙጬ ጋር ወደ መተማ ቆላ ወረደ፤ ለሰሊጥ። ያኔ የእኛ አገር ወጣት ክረምቱ ሲገባ በየመንደሩ እየተጠራራ ይወርዳል፤ አረም አርሞ፣ አጨዳውን አጭዶ፣ አንዳንዱ አዲስ ሸሚዝና ሬዲዮ ይዞ፣ አንዳንዱ ወባ ይዞ ይመለሳል። ደምሌ ሊሄድ ሲል ስልክ ቤት ገብቶ ጉልበቴን ሳመና፣ ከልጅነቱ እንደሚጠራኝ፣ "ታትዬ፣ በጥቅምት እደውላለሁ፤ እናቴን አስጠሪልኝ" አለኝ። በጥቅምት ደወለም። ጥሩዬ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "በላህ ወይ? በላህ ወይ?" ስትል ሦስት ደቂቃዋ አለቀች።

የኅዳር ሚካኤል በዋለ በማግሥቱ ጠዋት ደብረ ታቦር ጠራችኝ፤ ከጎንደር አቀበለችኝ፤ ጎንደር ከመተማ። "ኦፐሬተሯ ነዎት? ሙጬ ነኝ" አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። "አያ ታከለን ያስጠሩልኝ።" አያ ታከለ የጥሩዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሽማግሌ እንደ ተጠራ ሰማሁ፤ ገባኝም። ኦፐሬተር አይጠይቅም፤ እኔ ግን ጠየቅሁ። "ማነው ሙጬ?" "ደምሌ ነው። ወባ ነው። አራት ቀን ነው የታመመ፤ ትናንት የሚካኤል ዕለት ቀበርነው።" ምን እንዳልሁ አላስታውስም። እሱ ግን ቀጠለ፤ "ሊሞት ሲል ነፍሱን አውቆ ነበር። ለናቴ ይህን በልልኝ ብሎኛል፤ ምን አለ መሰለዎት..." በዚህ ጊዜ አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የጥሩዬ መንደር ሰዎች። ዓይኖቻቸው ፊቴ ላይ ነበሩ። ትንሽ ከሰማሁ እንደማለቅስ አወቅሁ። "በቃ፣ በቃ! ነገ በዚህ ሰዓት ደውል፤ ለአያ ታከለ ራስህ ትነግራቸዋለህ" አልሁና መስመሩን ነቀልሁት። ይህ እጅ ነው የነቀለው።

አያ ታከለ በማግሥቱ መጡ። ሙጬ አልደወለም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን፤ በኋላ እንደ ሰማነው እሱም በዚያው ወባ ተነድፎ ወድቆ ነበር፤ ሲድን ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ስለዚህ እኔው ነገርኋቸው። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ሲቆረቁሩ ቆዩና፣ "ሰርጉ ከጥምቀት ማግሥት ነው" አሉ። "አሁን ብትሰማ ሰርጉ ይፈርሳል። የወንዱ ወገን ዓመት አይጠብቅም፤ ልጅቱ በሟች ወንድሟ ስም እድሏ ተሰብሮ ትቀራለች። አንዱን ልጇን አፈር በላው፤ ሁለተኛዋን እኛ እናጥፋት?" "ፍትሐቱስ?" አልኋቸው። "ቄስ ከሰማ አገር ሰማ። እግዜር አይቸኩልም፤ ሙሽራዋ ትውጣ፣ ከዚያ ሁሉ ይደርሳል። እርስዎ እንደሁ የሰሙትን መቅበር ሙያዎ ነው።" እውነታቸውን ነበር። ለሰርግ ሲባል ሞት መደበቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ስንቱ ተደብቆለታል። እሽ አልሁ። እሽ ማለቴን ዛሬም ድረስ ለሰው ሳስረዳ ትክክል ይመስላል፤ ለራሴ ስነግረው ግን አይሆንልኝም።

ጥሩዬ በየገበያው ትመጣለች። "ደምሌ አልደወለም?" "መስመር ተበላሽቷል።" በቀጣዩ ገበያም፣ "ዛሬስ?" "ጎንደር አልተገኘችም።" የምትሸምተውን ታሳየኛለች፤ ለብርቄ የሚሆን ጥለት፣ ለደምሌ ያሠራችው ጋቢ። ጋቢውን ጭኔ ላይ ዘርግታ፣ "ይደርሰው ይሆን? ከወረደ ወዲህ ሳይከሳ አይቀር" ትላለች። በእጄ ዳበስሁት። የታኅሣሥ ማርያም ዕለት ማኅበሩ የወጣው ከሷ ቤት ነበር፤ እኔም ማኅበርተኛ ነኝ። ጠላው ተቀዳ፤ ንፍሮው ቀረበ። ስንነሣ የንስሐ አባቷን ካህኑን፣ "አባ፣ ልጄ ከቆላ ሊመጣ ነውና መንገዱን ይመርቁልኝ" አለች። መረቁ። ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ። ከሚካኤል እስከዚያች ማርያም ስንት ቀን እንደሆነ በዚያን ሰዓት አልቆጠርሁም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልቆጠርሁም።

የገና በዓል ባለፈ በመጀመሪያው ገበያ ጥሩዬ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ማዞሪያው ጋ መጣች። "እሱ ካልደወለ አንች ደውይለት። ከሙጬ ጋር የሚውሉበትን ባለ ስልክ ቤት ታውቂዋለሽ። ቀኑን ንገሪው። ሌሊት ሕልም እያየሁ ነው አበልጄ።" ፊቷ ቀጥኖ ነበር። የለም ብላት የምትሸሽበት የላትም፤ እኔም የምሸሽበት የለኝ። ገመዱን መስመር የሌለው ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁና እጀታውን አዞርሁ። "ደብረ ታቦር፣ ወገዳ ነኝ። ጎንደርን ስጭኝ። መተማ? መተማ?" ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ጭጭ ብሏል። እሷ አጠገቤ ቆማ አፌን ታያለች። "ደምሌ? ታትዬህ ነኝ" አልሁ። "እናትህ እዚህ ናት። ሰርጉ ከጥምቀት ማግሥት እሑድ ነው።" እንደሚያዳምጥ ሰው ማዳመጫውን በእጄ ተጫንሁት። ከዚያ ወደሷ ዞርሁና፣ "'እማዬ፣ ለጥምቀት እደርሳለሁ፤ ብርቄ እኔ ሳልመርቃት እንዳትወጣ' ይልሻል" አልኋት። "ይመጣል" ብል ይበቃ ነበር። ስለ ምርቃቱ ማን ጨምሪ አለኝ? ውሸት እንደ ሊጥ ነው፤ አንዴ እርሾ ከነካው ከዕቃው አልፎ ይፈሳል። ጥሩዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ማዞሪያውን ሳመችው። ስትወጣ በረንዳው ላይ ላገኘችው ሁሉ፣ "ደምሌ ደውሎ ነበር!" ስትል ሰማኋት፤ ልብስ ሰፊውም ካሴቱን ከፍ አደረገላት።

በሰርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ፣ ሚዜዎቹ በልተው ጠጥተው፣ ሙሽራዋ ተሸፋፍና ሳለ፣ "ትውጣ" ሲባል ጥሩዬ በሩ ላይ ቆመች። "ወንድሟ ሳይመርቃት አትወጣም።" ሰው መሰለው ቀልድ፤ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዳሱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ ተመልሳ በሩን ትዘጋለች። የወንዱ አባት፣ "ቀኑ መሸ እኮ፤ ወንዝ እንሻገራለን" አሉ። አያ ታከለ ተቆጡ፤ "አንች ሴትዮ፣ ልጅሽን እንግዳ ፊት አታዋርጅ!" ጥሩዬ እጇን ወደኔ ዘረጋች። "እመጣለሁ፣ ሳልመርቃት እንዳትወጣ ብሏል። አበልጄ ምስክሬ ናት፤ በጆሮዋ ሰምታዋለች።" መቶ ሰው ዞሮ አየኝ። አያ ታከለም አዩኝ፤ የሳቸውን ዓይን አልረሳውም። "መኪና አጥቶ ነው" አልሁ። "መንገድ ነው፤ ምን ይታወቃል። ልጅቱን አናዘግያት።" ጥሩዬ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ገባችና የደምሌን ጋቢ አመጣች፤ በብርቄ ትከሻ ላይ ጣለችው። "ወንድሜ መርቆኛል በይ" አለቻት። ብርቄ በዚያ ጋቢ በቅሎ ላይ ወጣች።

መልሱ ካለፈ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሄድን። አያ ታከለ፣ ንስሐ አባቷ፣ ጎረቤቶች፣ እኔ። ደጁን የከፈተችው ራሷ ናት። ካህኑን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ከኋላ የቆምነውን አየች። በእኛ አገር ይህን ያየ ሰው ማንም ምንም ሳይናገር ያውቃል። "መቼ ነው?" አለች። ካህኑ ቀስ ብለው፣ "ለኅዳር ሚካኤል ልጄ" አሉ። አላለቀሰችም። ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኛ ቆመን እንጠብቃለን። "አርባው የማርያም ዕለት ነበር" አለች። "የታኅሣሥ ማርያም። ማኅበሩ እኔ ቤት ወጥቶ ነበር። በልጄ አርባ ቀን ለመንገዱ አስመረቅሁለት። ነፍሱ ደጅ ቁማ ፍትሐት ስትጠብቅ እኔ ጠላ እቀዳ ነበር። እናንተም ጠጣችሁ።" ካህኑ፣ "እኔም አላወቅሁ ልጄ" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። አያ ታከለ መሬቱን ያያሉ። ከዚያ ዓይኗ እኔን ፈለገና አገኘኝ። "እመጣለሁ ያለኝ ማነው?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ደረቷን የመታችው።

የሰማንያ ቀን ተዝካሩን አወጣች፤ ያላትን ሁሉ አወጣች። ካህኑ፣ "እግዚአብሔር ዘንድ ጊዜ የለም፤ ጸሎቱ ደርሶለታል" እያሉ ያጽናኗታል፤ እሷ ጣቶቿን ታጥፋለች። እኔ ሳልጠራ ሄጄ ውኃ ቀዳሁ፣ እንጨት ተሸከምሁ። ማንም አልከለከለኝም። እሷም ምግቤን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችኝ። "ይብሉ፣ ኦፐሬተሯ" አለችኝ። አበልጄ አላለችኝም። በእርስዎ ጠራችኝ፤ እንደ እንግዳ፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ስልክ ቤት አትገባም፤ ከልብስ ሰፊው በረንዳ በወዲያ በኩል ታልፋለች። ሰላምታዋ አይጎድልም። ያ ማዕረግ፣ ያ ስንት ዘመን የኮራሁበት ስም፣ ከሷ አፍ ሲወጣ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። ከኮረብታው ላይ የሞባይል ማማ ተተከለ። ገበሬው ስልኩን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ እርሻ ላይ ሆኖ ያወራ ጀመር። መርዶም በየኪሱ ይመጣል፤ ገበያ መሃል አንዲት ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ስትወድቅ አይቻለሁ። ጋሼ አለነ ሞቱ። ማዞሪያውን ሁለት ሰዎች መጥተው ነቀሉት፤ ጆንያ ጠቅልለው በፒክአፕ ወሰዱት። እኔ ጡረታዬ እስኪፈጸም ባዶ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር እጠብቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን በአንድ የገበያ ቀን ጥሩዬ ገባች። አርጅታለች፤ ከዘራ ይዛለች። ሳትጠራ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ግድግዳው ላይ የቀረውን የገመድ ቀዳዳ ስታይ ቆየች። "ወሰዱት?" አለች። "ወሰዱት" አልኋት። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "ሙጬ ያን ቀን ሲደውል፣ ደምሌ ሊሞት ሲል ያለውን ነግሮሻል?" አለችኝ። በአንች ነበር የጠራችኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ፈርቼዋለሁ። ውሸት ሞልቶልኝ ነበር፤ አንዲት የምታምር ቃል ፈጥሬ ብሰጣት ማን ያውቃል? ግን አልቻልሁም። "ለናቴ በልልኝ ያለው ነገር ነበር" አልኋት። "ሊነግረኝ ሲል አቋረጥሁት። ሰው እያየኝ ነበር፤ ማልቀሴን ፈራሁ። ነገ ደውል አልሁት። አልደወለም።" ጥሩዬ አልጮኸችም። ከዘራዋን ከጉልበቷ ወደ ጉልበቷ አዛወረች። ከማዶ የልብስ ሰፊው መኪና ይንጫጫል።

"እንግዲያ ያችን ያንችን በይኝ" አለች።

"የቷን?"

"እመጣለሁ ያለኝን።"

"ጥሩዬ፣ ውሸት ነው እኮ። እኔ ነኝ ያልሁት።"

"አውቃለሁ። ሌላ የለኝም። ያች ናት ያለችኝ። እንዴት ነበር ያልሽው? መጀመሪያውን ረስቸዋለሁ።"

ባዶው ጠረጴዛ ላይ እጄን አደረግሁ። "እማዬ፣ ለጥምቀት እደርሳለሁ" አልኋት። "ብርቄ እኔ ሳልመርቃት እንዳትወጣ።"

ጥሩዬ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀችና፣ "እሽ ልጄ" አለች።